«ሲሊንደር ፈነዳ» ከማለታችን በፊት ጎማው ይታይ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በመኖሪያ ቤት የጋዝ አደጋ ሲደርስ በዜና የምናነበው ብዙ ጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ሲሊንደር ፈንድቶ ጉዳት ደረሰ» የሚል። የጋዝ ምድጃ መግጠምና መጠገን ሥራችን የሆነ ሰዎች ይህን ባነበብን ቁጥር እንቆጫለን። አንባቢ ከዚህ የሚይዘው ሲሊንደርን መፍራት ብቻ ነው። ሲሊንደር ግን ወፍራም ብረት ነው፤ እንዲሁ ተነሥቶ አይፈነዳም። ፈነዳ ከተባለም አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ በተነሣ እሳት ውጭው ተጠብሶ ነው። በብዙ ቤት የሚሆነው ሌላ ነው። ጋዝ ሳይታወቅ ይሾልካል፣ ክፍሉ ውስጥ ይጠራቀማል፣ አንድ ብልጭታ ያገኛል። የሚፈነዳው ከአየር ጋር የተቀላቀለው ያ የተጠራቀመ ጋዝ ነው፤ እሳቱ ካለፈ በኋላ ሲሊንደሩ ሳይሰነጠቅ ቆሞ መገኘቱ የተለመደ ነው። የሾለከው ደግሞ በሲሊንደሩ አናትና በምድጃው መካከል ካለችው አንድ ሜትር ተኩል ጎማ ላይ ነው። ዛሬ ልንጽፍ የተነሣነው ስለዚያች አንድ ሜትር ተኩልና በዙሪያዋ ስላሉት ነገሮች ነው።

ጋዝ ስንል ነጭ ጋዝን ወይም ላምባን አይደለም፤ በሲሊንደር ተሞልቶ የሚሸጠውን ነው። ቡቴንና ፕሮፔን በግፊት ፈሳሽ ሆነው ነው የሚሞሉት። ከአየር ይከብዳሉ፤ ፕሮፔን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቡቴን ሁለት እጥፍ። ስለዚህ የሾለከ ጋዝ እንደ ጭስ ወደ ጣሪያ አይወጣም፤ እንደ ፈሰሰ ውኃ ወለል ለወለል ይሄዳል። በበር ሥር ያልፋል፣ ደረጃ ይወርዳል፣ በወለል ፍሳሽ ቀዳዳ ገብቶ ጎረቤት ቤት ይደርሳል። አንድ ሊትር ፈሳሽ ሲተን 250 ሊትር ያህል ጋዝ ይሆናል። አየር ውስጥ 2 በመቶ ያህል ከገባ ደግሞ መቀጣጠል ይችላል። በቁጥር እናስላው፤ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ተኩል የሆነች፣ ቁመቷ ሁለት ሜትር ተኩል የሆነ የኮንዶሚኒየም ማዕድ ቤት 12,500 ሊትር አየር ትይዛለች። የዚህ 2 በመቶ 250 ሊትር ነው። 12.5 ኪሎ ከሚይዘው የቤት ሲሊንደር ውስጥ ግማሽ ኪሎ ገደማ ቢሾልክ ክፍሉን በሙሉ ሊያቀጣጥለው ይበቃል ማለት ነው። ወለሉ ላይ ሲሆን ደግሞ ከዚያ በጣም ባነሰ ይበቃል፤ ጋዙ የሚተኛው እዚያ ነውና።

በእኛ አገር ቤት ይህ ጉዳይ ከሌላው የሚብስበት ምክንያት አለ። እሳታችን ወለል ላይ ነው። የቡና ከሰል ማንደጃው፣ የዕጣን ማጨሻው፣ መብራት ሲጠፋ የምትለኮሰው ሻማ ሁሉ ከመሬት ብዙም ከፍ አይሉም። ሲሊንደሩ ከጥግ ቆሞ ማንደጃው ሁለት እርምጃ ርቆ የሚራገብበት ቤት ብዙ ነው። ቡና የሚፈላው ሳሎን ወይም በረንዳ ይሁን፣ ሲሊንደር ያለበት ክፍል አይሁን። ዕጣን ሲጨስ ደግሞ የጋዙ ሽታ ይሸፈናል። ጋዝ በራሱ ሽታ የለውም፤ እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ሲሾልክ እንዲታወቅ ተብሎ የሚጨመርበት ነገር ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው አይሸተውም፤ ጤነኛ አፍንጫም ቢሆን ቶሎ ይለምደውና መሽተቱን ያቆማል። የጋዝ ጠቋሚ መሣሪያ ገዝተው ጣሪያ ላይ የሚሰቅሉ አሉ። የሲሊንደር ጋዝ ጠቋሚ ቦታው ከወለል ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ ነው፤ ጣሪያ ላይ ያለው ሲጮኽ ጊዜው አልፏል። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ደግሞ በባትሪም የሚሠራው ዓይነት ይመረጥ።

ወደ ሲሊንደሩ አናት እንምጣ። በእጅ የሚዞር ቫልቭ ባለው ሲሊንደር ላይ የጋዙን ግፊት የሚቀንሰውን ሬጉሌተር የሚያስረው ብሎን ጥርሱ ግራ ነው፤ ከለመድነው በተቃራኒ ወደ ግራ ሲዞር ይጠብቃል፣ ወደ ቀኝ ሲዞር ይላላል። ይህን የማያውቅ ሰው እፈታለሁ ብሎ ያጠብቀዋል፤ ከዚያ መፍቻ አምጥቶ ጥርሱን ይበላዋል። ጋዙን የሚይዘው ግን ብሎኑ አይደለም። በመካከል ያለችው፣ ከአንድ ብር ሳንቲም የምታንስ ጎሚኒ፣ ማለትም የጎማ ቀለበት ናት። ሲሊንደር በተቀየረ ቁጥር ጎሚኒዋ ወጥታ በጣት ትጫን። ለስላሳ ሆና ከተመለሰች ደኅና ናት። ጠጥራ ወይም ተሰንጥቃ ከሆነ፣ የብሎኑ ጠርዝም ጥልቅ ቀለበት አውጥቶባት ከሆነ ትጣል። አንዳንዴ አሮጌዋ ጎሚኒ በባዶው ሲሊንደር አፍ ተጣብቃ አብራ ትሄዳለች፤ አዲሱ ሲሊንደር ያለ ጎሚኒ ብረት በብረት ይታሰራል። ስለዚህ ሁለት መለዋወጫ ጎሚኒ ማዕድ ቤት መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። በጎሚኒ ፈንታ ቴፍሎን መጠቅለል አያገለግልም፤ እዚህ ቦታ የሚዘጋው ጥርሱ ሳይሆን ፊቱ ነው። ጠቅ ብሎ የሚገባው የሬጉሌተር ዓይነት ደግሞ ጎሚኒው ያለው ራሱ ቫልቩ ውስጥ ነው። ልኩም የተለያየ ነው፤ የአንዱን በሌላው ላይ በጉልበት ማስገባት አይገባም። ሲሊንደሩ ከመደብር ሳይወጣ ክዳኑን አስከፍቶ ያንን ጎሚኒ ማየት የገዢው መብት ነው።

ሬጉሌተሩ ራሱ ለቤት የሚሆነው 30 ሚሊባር ገደማ ግፊት የሚሰጥ፣ ማስተካከያ የሌለው ነው። ማዞሪያ ያለውና ግፊቱ ከፍ ዝቅ የሚደረገው ለሆቴል ትልልቅ ምድጃ የተሠራ ነው። «እሳቱ ደከመ» ተብሎ ይህ ቤት ሲገጠም የምድጃውም የጎማውም መገጣጠሚያ ከአቅሙ በላይ ይጫናል።

አሁን ጎማው። በዚህ ላይ ረዘም ብንል አይፍረዱብን፤ ከሁሉም በላይ የምናየው ጉድለት እዚህ ነው። ለጋዝ የተሠራ ጎማ ላዩ ላይ ለጋዝ መሆኑ፣ የተሠራበት ዓመት፣ አንዳንዱም የሚያበቃበት ዓመት ታትሞበታል። ምንም ያልተጻፈበት ጎማ የጋዝ ጎማ አይደለም። የውኃ ጎማ ወይም ብርሃን የሚያሳልፈው ፕላስቲክ ቱቦ በመጀመሪያው ወር ደኅና ይመስላል፤ ጋዙ ግን ልስላሴውን ያወጣውና እንደ ደረቀ እንጨት ይሰነጠቃል። ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል አይብለጥ። በምድጃው ጀርባ፣ በተለይ ኦቨን ካለው፣ አይለፍ፤ የግድግዳ ቀዳዳ ውስጥም ጎማ አይገባም። ሲሊንደሩ በረንዳ ላይ ሆኖ ምድጃው ውስጥ ከሆነ ግድግዳውን የሚያልፈው የመዳብ ወይም የብረት ቧንቧ ይሁን፣ ጎማው በሁለቱ ጫፍ ብቻ ይቀጠል። ጎማው ታትሞበት ያለው ዓመት ባይደርስም፣ ሲታጠፍ በቆዳው ላይ ቀጫጭን ስንጥቅ ካሳየ ወይም ጫፉ ከጠጠረ ይቀየር። አይጥ ያለበት ቤት ደግሞ ጎማውን በየሳምንቱ በእጅ መዳሰስ ነው፤ አይጥ የምትቀረጥፈው ከወለል ጋር በተጠጋው በኩል፣ ለዓይን በማይታየው ነው።

ጎማው በአፍንጫው ላይ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ይግባ፤ አልገባ ካለ ጫፉ ሙቅ ውኃ ውስጥ ትንሽ ይቆይ እንጂ ዘይት አይቀባ፤ ዘይት ጎማን ያላሽቃል። ከዚያ ፋሼታ፣ ማለትም በብሎን የሚጠብቅ የብረት ማሰሪያ ቀለበት፣ ይግባበትና በካቻቢቴ ይጠበቅ። ጎማው ሳይቆረጥ እንዳይዞር ሆኖ ከተያዘ በቂ ነው። በፋሼታ ፈንታ በፒንሳ የሚጠመዘዘው ሽቦ ጎማውን በአንድ መስመር ይቆርጠዋል፤ ቀዳዳው ከሽቦው ሥር ስለሆነ ደግሞ አይታይም።

ሁሉ ከታሰረ በኋላ መፈተሻው ሳሙና ነው። በግማሽ ብርጭቆ ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይምታና አረፋ ያውጣ። የምድጃው ማዞሪያዎች ሁሉ ይዘጉ፣ የሲሊንደሩ ቫልቭ ይከፈት። ከዚያ በስፖንጅ ወይም በብሩሽ የቫልቩን እጀታ ሥር፣ ብሎኑን፣ ሬጉሌተሩን፣ የጎማውን ሁለት ጫፍ፣ ቀጥሎም ጎማውን በሙሉ መቀባትና አንድ ደቂቃ ዓይንን ሳይነቅሉ ማየት ነው። ትልቁ ሽልክታ ወዲያው አረፋ ይነፋል። ትንሹ ግን እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ብቅ ይልና ቀስ እያለ ያድጋል፤ የሚያሳስተው ይኼኛው ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራው እሱ ነውና። በክብሪት የሚፈትሹ አሁንም አሉ። ሽልክታው ካለ እሳቱ እጃቸው ላይ ነው፤ ሽልክታው ትንሽ ከሆነ ደግሞ ነበልባሏ በቀን ብርሃን አትታይም።

ምድጃው ከየት እንደመጣም ይጠየቅ። ከአሜሪካና ከአውሮፓ ዘመድ የላከው ምድጃ ብዙ ጊዜ በቧንቧ ለሚመጣው የተፈጥሮ ጋዝ የተዘጋጀ ነው። ጀርባው ላይ ያለው ምልክት ጂ20 ካለ የተፈጥሮ ጋዝ፣ ጂ30 ቡቴን፣ ጂ31 ፕሮፔን ማለት ነው። ልዩነቱ ያለው እሳቱ ከሚነድበት በርነር ሥር ባለችው፣ ጋዙን በምትለቀው የናስ ኖዝል ቀዳዳ ላይ ነው። ለሲሊንደር ጋዝ የተለመደው ልክ ለትንሹ 0.50፣ ለመካከለኛው 0.65፣ ለትልቁ 0.85 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ የተፈጥሮ ጋዙ ከዚህ በግልጽ ይሰፋል። በሰፊው ቀዳዳ የሲሊንደር ጋዝ ሲለቀቅበት ከድስቱ ጎን የሚወጣ ረጅም ቢጫ እሳት ይሆናል። ኖዝሏን መቀየር የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። የተደፈነችን ኖዝል በመርፌ መውጋት ግን ክልክል ይሁን፤ ናስ ለስላሳ ነው፤ 0.65 የነበረችው 0.72 ከሆነች የሚያልፈው ጋዝ በሩብ ገደማ ይጨምራል። ፈትቶ ሙቅ ሳሙና ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍና መንፋት ይበቃል።

በትክክለኛ ኖዝልም ቢሆን አዲስ አበባ ላይ ሌላ ነገር አለ፤ ከፍታው። ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ምድጃው የተሠራው ለዝቅተኛ ቦታ ከሆነ ጋዙ የሚበቃውን አየር አያገኝም። በሙያው የቆየ መለኪያ አለ፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ የጋዙን መጠን 4 በመቶ ያህል መቀነስ ነው፤ ለአዲስ አበባ ወደ 30 በመቶ ይደርሳል። ድሬዳዋ ላይ በሰማያዊ ሲነድ የነበረ ምድጃ አዲስ አበባ መጥቶ ጫፉ ቢጫ ቢሆን አልተበላሸም፤ አየር አጥሮታል። ከኖዝሉ አጠገብ የአየር መግቢያ ቀለበት ካለው ከፈት ይደረግ፤ ከሌለው ባለሙያ አነስ ያለች ኖዝል ይግጠምለት። ደኅና እሳት ሰማያዊ፣ አጭርና ጸጥ ያለ ነው። ድስትን የሚያጠቁር ቢጫ እሳት ካርቦን ሞኖክሳይድ እያወጣ ነው፤ እሱ ደግሞ አይሸትም። ከሰል እንደሚያደርገው ሁሉ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ያመጣል፤ ይገድላልም። ውኃ እዚህ ከፍታ ላይ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ሽምብራውም ባቄላውም ሰዓት ይፈጃል፤ ያ ሁሉ ሰዓት መስኮት ቢያንስ በአንድ ክንድ ይከፈት። በብርድ ጊዜ ክፍል ለማሞቅ የጋዝ ምድጃ አይለኮስ።

ሽሮ የጋዝ ምድጃ ጠላት ናት ብንል ማጋነን አይሆንም። ስትገነፍል እሳቱን ታጠፋዋለች፤ ጋዙ ግን መውጣቱን አያቆምም። የእሳት መጥፋቱን የሚያውቅ ትንሽ ዘንግ ከበርነሩ ጎን ያለው ምድጃ ራሱ ይዘጋል፤ ሲለኮስ ማዞሪያውን ከአምስት እስከ አሥር ሰከንድ ተጭኖ መያዝ የሚያስፈልገው ያ ዘንግ እስኪሞቅ ነው። ዘንጉ የሌለው ምድጃ ላይ ወጥ ጥዶ ስልክ ለማውራት መውጣት የለም። እሳቱ ጠፍቶ ከተገኘ ማዞሪያው ይዘጋ፣ በርና መስኮት ይከፈት፣ ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ ይጠበቅ፣ ከዚያ ይለኮስ። በክብሪት የሚለኩስ ሰው መጀመሪያ ክብሪቱን ይጫር፣ ከዚያ ጋዙን ይክፈት። የደረቀችው ሽሮ የበርነሩን ቀዳዳዎች ስለምትደፍን ከቀዘቀዘ በኋላ በጥርስ ብሩሽ ይታጠብ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ቆቡም በልኩ ይቀመጥ፤ ቆቡ ተዛብቶ ከተቀመጠ እሳቱ በአንድ ጎን ይወጣል።

ትልቅ ድስትና ሰፊ ምጣድም ሙቀቱን ወደ ታች ይመልሱታል። ሁለት በርነር የሚሸፍን ምጣድ ሲጣድ ማዞሪያዎቹ ይቀልጣሉ፣ ከሥር ያለው ጎማ ይበስላል፣ የመስታወት ምድጃም ከሆነ ይፈነዳል። ለድግስ ድስት መሬት የሚቀመጠው ጠንካራ ምድጃ በግቢ ይሻላል። ኦቨን ያለው ምድጃ የመስታወት ክዳንም በርነሮቹ ሳይቀዘቅዙ አይውረድ።

ሲሊንደሩ የሚያልቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ በዓል ዋዜማ፣ ዶሮው ሳይበስል ነው። ሲያልቅ ማስተኛት፣ መገልበጥ፣ የፈላ ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ ልማድ ሆኗል። የተኛ ሲሊንደር ጋዝ ሳይሆን ፈሳሽ ይልካል፤ ያ ፈሳሽ ሬጉሌተሩ ጋ ደርሶ ሲተን እሳቱ ድንገት ሜትር ሊዘል ይችላል። በባጃጅም በታክሲም ሲጓጓዝ ቆሞ ይሁን። አስቀድሞ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ለብ ያለ ውኃ በሲሊንደሩ ጎን ያፍስስና በመዳፉ ይዳስስ፤ ቀዝቃዛው የሚጀምርበት መስመር ፈሳሹ ያለበት ነው። ወይም ይመዝን፤ የባዶው ክብደት አናቱ ላይ ተመትቷል፣ ሙሉው ከዚያ በ12.5 ኪሎ ይበልጣል። ሲገዙም እንዲሁ ይመዘን። 3 ኪሎዋት የሆነ ትልቅ በርነር ሙሉ ሲከፈት በሰዓት 220 ግራም ገደማ ይበላል፤ 12.5 ኪሎው ወደ 57 ሰዓት ይሄዳል። ሁለት ወር ይበቃ የነበረ ሲሊንደር ያለ ምክንያት በአንድ ወር ካለቀ ሳሙናው ይምጣ።

ሲሊንደር በሻማ ብርሃን አይቀየርም። መብራት ከጠፋ የሞባይል መብራት ከክፍሉ ውጭ ተለኩሶ ይገባበት፣ ወይም ይደር። በጨለማ የጋዝ ሽታ ከመጣ ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ። መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ የፍሪጁ ሞተር ራሱ ይነሣል፤ ያ ብልጭታ ነው። ስለዚህ መብራት ጠፍቶ ሳለ ብሬከሩን መዝጋት ብልጭታ የለውም፣ ያኔ ይዘጋ። መብራት እያለ ከሸተተ ግን ተቃራኒው ነው፤ ማብሪያ ማጥፊያ አይነካ፣ የተሰካ አይነቀል፣ የበራውም እንደበራ ይቆይ። ከሰልና ሻማ ካለ ወደ ውጭ ማውጣት ሳይሆን በመጀመሪያ የሲሊንደሩን ቫልቭ መዝጋት፣ በርና መስኮት መክፈት፣ ሰውን ማስወጣት፣ ደረጃውን ወርዶ ስልክ መደወል ነው። የአዲስ አበባ እሳት አደጋ ቁጥር 939 ነው።

በጎማው ወይም በሬጉሌተሩ ላይ እሳት ተነሥቶ ከሆነ ውኃ ደፍቶ ማጥፋት ስህተት ነው። እሳቱ ሲጠፋ ጋዙ መውጣቱን ይቀጥላል፣ ተጠራቅሞም ሁለተኛ ጊዜ ይፈነዳል። እጅ ወደ ቫልቩ መድረስ ከቻለ እርጥብ ፎጣ ጠቅልሎ ቫልቩን መዝጋት ነው፤ እሳቱ ምግብ አጥቶ ራሱ ይጠፋል። መድረስ ካልተቻለ ሁሉም ይውጣ፤ ሲሊንደር የሚፈነዳው እሳት ሲከበው ነው ያልነው ይኼን ነው። የዘይት እሳት ከሆነ ምድጃው ይዘጋ፣ ድስቱ በክዳኑ ይከደን፣ ውኃ አይጠጋው።

ማታ ከመተኛት በፊት መጀመሪያ የሲሊንደሩ ቫልቭ ይዘጋ፤ በጎማው ውስጥ የቀረው ጋዝ ነድዶ እሳቱ ሲጠፋ የምድጃው ማዞሪያ ይዘጋ። ጎማው ባዶውን ያድራል።

ከጋዜጣዎ የምንለምነው አለ። ሪፖርተሮቻችሁ እንዲህ ያለ አደጋ ሲዘግቡ ሦስት ነገር ይጠይቁልን፤ ጎማው ስንት ዓመቱ ነበር፣ በምን ታስሮ ነበር፣ ሲሊንደሩ ከተቀየረ ስንት ቀኑ ነው። መልሱ በዜናው ላይ አንድ መስመር ቢወጣ ያነበበው ሰው በዚያው ዕለት ወደ ማዕድ ቤቱ ገብቶ ጎንበስ ብሎ ያያል። ምድጃና ሲሊንደር አስመጪዎችም የሳሙናውን ፍተሻና የብሎኑን አዟዟር በአማርኛና በሌሎችም የአገራችን ቋንቋዎች ጽፈው በሲሊንደሩ አንገት ላይ ቢያንጠለጥሉ፣ ሁለት ጎሚኒም ከእያንዳንዱ ጋር ቢሰጡ የሚያስወጣቸው ጥቂት ሳንቲም ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
በጋዝ ምድጃ ገጠማና ጥገና ሥራ ላይ የምንገኝ ባለሙያዎች
አዲስ አበባ